ወደ ሌጎስ የሄዱት

ሌጎስ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1918

ውድ እህቴ ኢዶዉ፦

ይህን ደብዳቤ በሁለት እግርሽ ቆመሽ የምታነቢው ያድርገው። እማዬን፣ ታይዎን፣ የግቢውንም ሰው አንድ በአንድ ሰላም በይልኝ። በአንድ ላይ «ሁሉንም ሰላም ብሏል» ብለሽ እንዳታልፊው፤ አውቅሻለሁ።

ለጠየቅሽኝ ነገር መልሴ አዎ ነው፤ ታምሜ ነበር። የነገረሽ የባቡሩ ዘበኛ አጃኒ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ እሱ ሰውዬ ወሬ ከሚያድርበት ረሃብ ቢያድርበት ይመርጣል። የታመምኩት እንደ ሰዉ ሁሉ በኢንፍሉዌንዛው ነው። ራሴን ሊፈልጠኝ ደረሰ፣ አጥንቴን አደቀቀው፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ስነሣ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ የባቄላ አካራ አማረኝ። አካራ ያማረው ሰው አይሞትም። ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ለመንታዬ ለታይዎ ግን ብትነግሪያት ግድ የለም፤ ልጆች ሆነን እኔን ሲያተኩሰኝ ብርድ ልብስ የምትጠይቀው እሷ ነበረች።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ከሕመሜ ስመለስ መሥሪያ ቤቱ ሌላ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ከየከተማው በዚህ በሽታ ስንት ሰው እንደሞተ የሚላከውን እየተቀበልኩ እደምራለሁ። አለቃዬ ዶክተር ፔምብሪጅ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቁጥር ካላየ ግን ምግብ አይረጋለትም። ትናንት የእኛ የኦኬ-ኢሮኮ ወሬ መጣ፤ ዘጠኝ ሰው ይላል። መልእክተኛውን ላዲፖን እንዴት ቆጠርክ ብለው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን አዲስ መቃብር ቆጥሬ አለኝ። ሳቅ አመለጠኝ፤ ወዲያው ደግሞ አዘንኩ። በኦኬ-ኢሮኮ አባቱን ከገዛ ቤቱ አውጥቶ ሜዳ ላይ የሚቀብር ማን አለ? እኛስ አባባን የቀበርነው እማዬ ከምትተኛበት ክፍል ወለል ሥር አይደለም እንዴ? እንግሊዞቹ ቤት ውስጥ መቅበር ክልክል ነው ካሉ ወዲህ ደግሞ ሰዉ ጭራሽ አፉን ዘግቷል።

ስለዚህ አንቺ ቁጠሪልኝ። የምታስተምሪበት ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ቁጭ ብለሽ እማዬን ከምታበሳጪ ይሻላል። ከመንታ በኋላ የሚወለድ እልኸኛ ነው እየተባልሽ አድገሻል፤ ዛሬ እልህሽ ተፈለገ። ማንም አይከሰስም፣ ወለል የሚቆፍርም አይመጣም፤ በአባባ አጥንት እምልልሻለሁ። ከዚህ ለየከተማው ኪኒንና በቆሎ የሚላከው በሟች ቁጥር ነው። ዘጠኝ ሰው ለሞተበት ከተማ ማንም ምንም አይልክም።

ታይዎ ከደብዳቤሽ ግርጌ ያተመችውን ሰማያዊ አውራ ጣት አይቼ ደስ ብሎኛል። መጻፍ ሳትችል ከአንቺ የበለጠ ነገር ትነግረኛለች። ጨርቅ እየነከረች ይሁን፣ የቀለም ማድጋዋ ሞልቶ ይሁን፣ ተቆጥታ ይሁን፣ ከቀለሙ አውቃለሁ።

ወንድምሽ ኬሂንዴ


ኦኬ-ኢሮኮ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 1918

ጋሼ ኬሂንዴ፦

እንደምን አለህ? አጥንትህ ተጠገነልህ? አካራ ያማረው ሰው አይሞትም ላልከው እኔም ታይዎም አሜን ብለናል። ለእማዬ አልነገርኳትም፤ እሷው ነገረችኝ እንጂ። «ወንድምሽ ከስቷል፤ ሲያወራ ድምፁ ቀጥኗል» አለችኝ። ያነበብኩላት በደብዳቤ ነው እኮ! በምን ሰማችው በለኝ።

ቁጠሪ ስትለኝ መጀመሪያ ንድድ ብሎኝ ነበር። ሐዘን ቤት ገብቼ «ስንት ሞተባችሁ?» ልል ነው? በቆሎውን ስትጠቅስ ግን ንዴቴ በረደ። እዚህ ገበያው ከተበተነ ሰንብቷል፤ ያለው የሌለውን እያየ ነው የሚበላው። በሽታውን ሰዉ «የዶሮ በሽታ» ብሎታል፤ ዶሮ አንገቷን ደፍታ እንደምታንቀላፋው ሰውንም አቀርቅሮት ይቀራልና።

አቆጣጠሬን ልንገርህ። እገባለሁ፣ ሰላምታ አበዛለሁ፣ ስለ ቦዬ መወደድ እናወራለን። ዓይኔ ግን ወለሉ ላይ ነው። አዲስ የተለቀለቀ ወለል ሽታው አይደበቅም፤ በዚህ ሰሞን ደግሞ ለውበት ብሎ ወለሉን የሚለቀልቅ የለም። «ወለላችሁ አማረ» እላቸዋለሁ። ያን ጊዜ ያለቅሳሉ። ከዚያ በኋላ እኔ አልጠይቅም፤ እነሱ ናቸው የሚነግሩኝ፤ እነማን እንደሆኑ፣ በስንተኛው ቀን እንደሆነ፣ በመጨረሻ ምን እንዳማራቸው። በዚህ ዓይነት ሃያ ሁለት ደርሻለሁ፤ ገና ወንዙን አልተሻገርኩም።

ግራ ያጋቡኝ መንታ ያለባቸው ቤቶች ናቸው። ሞሪኒኬን ታውቃታለህ፤ ጨው የምትሸጠውን። መንታ ወንዶች ልጆች አሏት፤ ገና ጥርሳቸውን እየነቀሉ ያሉ። አንዱን ብቻውን በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ወለሉ አዲስ ነው። «ሌላውስ?» ስላት፣ «ወደ ሌጎስ ሄዷል፤ ልብስ ሊገዛ» አለችኝ። ልጁ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ምን ልበል? ከመንታ አንዱ ሞተ አይባል፤ የቀረው ከሰማ ተከትሎት ይሄዳል። «በደህና ይግባ» ብዬ ወጣሁ።

አሁን ልቁጠረው ወይስ ልተወው? እናቱ አልሞተም ነው የምትለው። ሌሎችም ሁለት ቤቶች እንዲሁ ብለውኛል። በኦኬ-ኢሮኮ እናቶች ቃል ከሄድን የከተማችን መንታ ሁሉ አንተ ዘንድ ሰፍሯል፤ ለመሆኑ ምን እያበላሃቸው ነው?

ታይዎ ጣቷን ልታትም መጥታ ቀለሟን ጠረጴዛዬ ላይ አንጠባጠበችው። ጻፊልኝ ያለችህ ይኸው፦ «ሁለተኛ ሳትነግረኝ ብትታመም መጥቼ እገርፍሃለሁ።» ትመጣለችም።

እህትህ ኢዶዉ


ሌጎስ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1918

ውድ ኢዶዉ፦

ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። እዚህ ያለነው ጸሐፊዎች ግማሻችን ታመናል፤ የቀረነው የታመሙትንም ሥራ እየሠራን ነው። አንቺ ግን ከጠበቅሁት በላይ ሆነሽ ተገኘሽ።

የሞሪኒኬን ልጅ ነገር ለዶክተሩ አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝ። ስጨርስ «ታዲያ የባቡር ቲኬት ቆርጧል?» አለኝ። ቀልዱ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊቱን አየሁት፤ የእውነቱን ነው። እንደገና ብነግረው ደንቡን አነበበልኝ፤ አንድ ሰው ሞቷል ተብሎ የሚያዘው ከቤተሰቡ አንዱ ሞቷል ብሎ ሲናገር ነው፤ ካልተናገረ አይያዝም። ስለዚህ እናቲቱን ተያት። አጎት ወይም አያት ብቻውን አግኝተሽ ቢነግርሽ ይበቃል። ልጁ በሚሰማበት ግን እንዳይሆን፤ አደራ።

ከዚህ በታች ያለውን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

እኔም መንታ ነኝ፣ ኢዶዉ። እዚህ ቁጭ ብዬ የማላውቀውን ሰው ሞት ስደምር አንድ ሐሳብ እየቆረጠመኝ ነው፤ በዚህ አገር ማንም ለእኔ የማይነግረኝ አንድ ሞት አለ። እግዜር አያድርገውና ታይዎ አንድ ነገር ብትሆን፣ ሁላችሁም ተማክራችሁ እንደዚያ ልጅ በር ላይ ታስቀምጡኛላችሁ። አልፈልግም። ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ፣ ተጠምቄአለሁ፣ ማንንም ተከትዬ አልሄድም። የሰው ሁሉ ሞት የሚነገረኝ እኔ የገዛ እህቴን ሞት የምደበቅ መሆን የለብኝም። ቃል ግቢልኝ፤ እውነቱን ትጽፊልኛለሽ። ካልገባሽልኝ ምሳ አልበላም ልል ነበር፤ ግን ሆዴን ስለምታውቂው ተውኩት።

ወንድምሽ ኬሂንዴ


ኦኬ-ኢሮኮ፣ ኦክቶበር 30 ቀን 1918

ጋሼ፦

እሺ። ቃሌ ይኸው፦ ከቤታችን አንድም ነገር አልደብቅህም። ደስ አለህ? አሁን ምሳህን ብላ።

ብቻሽን አንብቢው ያልከውን ለታይዎ አነበብኩላት። ምን ላድርግ፣ ፊቴን አይታ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለች አላስቀምጥ አለችኝ። ሳቀችብህ። «ሌጎስ ገብቶ ነገር ማብዛት ተማረ» አለች። ቀጥላ ግን አንተ ከሄድክ ስንት ዓመት እንደሆነህ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ዘንድሮ ይምጣ፤ ካልመጣ እኔ እሄዳለሁ» ብላለች። ለፋሲካ እረፍት አትሰጥህም ወይ ያቺ መሥሪያ ቤት?

ወንዙን ተሻግሬ ማዶውን ጨርሻለሁ። የሞሪኒኬ አማት ጓሮ ወስደውኝ ነገሩኝ፤ ልጁ ተቆጥሯል። ከሁለቱ ሌሎች አንዱን ግን የሚናገርልኝ ሰው አጣሁ። አያትየው «እኔ አፌን በልጅ ልጄ ላይ አልከፍትም» ብላ መለሰችኝ፤ እኔም አልጨቀጨቅኋትም።

እማዬ ከትናንት ወዲያ ጀምራ ታስላለች። እንዳትደነግጥ፤ ትሳደባለች፣ ስለዚህ ደህና ናት። ታይዎ ማድጋዋን ትታ ከአጠገቧ አትለይም። እኔን አታስጠጋኝም፤ «አንቺ ቤት ለቤት እየዞርሽ ነው ያመጣሽብን» ትለኛለች። እየቀለደች ነው። እየቀለደች ይመስለኛል።

የዛሬው ጣት ፈዘዝ ያለው ሦስት ቀን ቀለም ስላልነካች ነው። ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።

ኢዶዉ


ኦኬ-ኢሮኮ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1918

ለተከበሩ ወንድሜ ለአቶ ኬሂንዴ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ጤንነትዎ እንደምን ነው? ሥራዎስ እንዴት ይዞዎታል? በዚህ በኩል በእግዚአብሔር ቸርነት የአየሩ ሁኔታ ደህና ነው። ዝናቡ አቁሟል። የቤተ ክርስቲያናችን ደወል ተጠግኗል። በአውሮፓ ጦርነቱ አለቀ የሚል ወሬ ትናንት ባቡር ጣቢያው ላይ ተሰምቶ ሰዉ ሁሉ ደስ ብሎታል።

ሁለት ደብዳቤ በተከታታይ ስለላክህልኝ አመሰግናለሁ፤ መልሱ የዘገየው ወረቀት አልቆብኝ ነው። እማዬ ተሽሏታል። ሳሉ ለቋታል፣ ጉልበት ግን ይቀራታል። ቁጥሩን በተመለከተ፣ ከቤተሰብ ተነግሮኝ ያረጋገጥኩት ሠላሳ አንድ ሰው ነው።

ስለ ታይዎ ለጠየቅኸው፣ ጣቷ ከታች ታትሟል።

ታዛዥ እህትህ ኢዶዉ


ሌጎስ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 1918

ኢዶዉ፦

ያ ጣት የታይዎ አይደለም።

የታይዎ ቀኝ አውራ ጣት መሐሉ ላይ ተሰንጥቋል። ልጆች ሆነን ቦዬ ስንልጥ ቢላዋ አዳልጦኝ የቆረጥኳት እኔ ነኝ። ደብዳቤሽን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ያን ስንጥቅ ነው፤ ከዚያ ነው ያንቺን ወሬ የማነበው። ይኼኛው ጣት ጤነኛ ነው። ቀጭን፣ የአስተማሪ ጣት ነው። ደግሞስ ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ «አቶ» ያልሽኝ? አየሩ ደህና ነው ትይኛለሽ፤ አየር ጠየቅሁሽ?

በመጀመሪያ ተቆጣሁ። ኮቴን ደርቤ ወጥቼ በባሕሩ ዳር ብዙ ሄድኩ። ሰዉ ለጦርነቱ ማለቅ ይጨፍራል፤ አንዱ የማላውቀው ሰው እጄን ይዞ ሊያስጨፍረኝ ሞከረ። አልተቃወምኩትም፤ እየጎተተ ትንሽ አዞረኝና ፊቴን ሲያይ ለቀቀኝ።

ከዚያ ቁጣው ወጣልኝ። ያን የገዛ ጣትሽን ማድጋዋ ውስጥ ስትነክሪ ምን እንደተሰማሽ አሰብኩ። እኔን እንዳላዝን ብለሽ ብቻሽን ምን ተሸክመሽ እንደምትዞሪ አላውቅም፤ ማንስ ያጽናናሻል?

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ቃልሽን ሰጥተሽኛል። ዶክተሩ ድምሩን በሚመጣው ወር መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ አገር ይልካል፤ ለእሱ ብዬ ግን አይደለም የምጠይቅሽ። ለእኔ ንገሪኝ።

ኬሂንዴ


ኦኬ-ኢሮኮ፣ ኖቬምበር 26 ቀን 1918

ጋሼ፦

ይቅር በለኝ። ጣቱ የእኔ ነው። ስንጥቁን ረስቼው አይደለም፤ በምላጭ ልሠራው ሞክሬ ሳይሆንልኝ ቀረ።

ለአንተ ቃል ገብቼ ነበር። በሳምንቱ ደግሞ እማዬ ጠራችኝና የአባባን የእርሻ ቢላዋ አፌ ላይ አድርጋ አስማለችኝ። የሚሲዮን አስተማሪ ነኝ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ልማል ብላት፣ እንደ ድሮው ወግ ብረት ነው ያስነከሰችኝ። ያን ቃል ለአንተ በአፌ እንዳላወጣ፣ በእጄም እንዳልጽፍ። የመንታ እናት ተንጋላ ትሞት ይባላል፤ ወዲህ ብትዞር አንዱ፣ ወዲያ ብትዞር ሌላው። እኔ አንድ እንኳ ሳልወልድ ተንጋልዬ ቀረሁ። ወደ አንተ ብዞር እሷ፣ ወደ እሷ ብዞር አንተ።

ስለዚህ ቃሉን አልጽፍልህም። የገዛ ሥራዬን መጻፍ ግን አልተከለከልኩም። ኖቬምበር አምስት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ከወንዝ ጭቃ አመጣሁ። አባባ ካለበት ቀጥሎ ያለውን፣ እናንተ ልጆች ሆናችሁ ትተኙበት የነበረውን ክፍል፣ ወለሉን በእጄ ለቀለቅሁት። ጎረቤቶች ሊያግዙኝ መጡ፤ አላስነካ አልኳቸው። ቀኑን ሙሉ ለቀለቅሁት። የሞሪኒኬ አማት በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ወለልሽ አማረ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ የሆንኩትን ተወው።

መልእክተኛው ላዲፖ ለቆጠራው በወጉ ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። እማዬ ራሷ በር ላይ ወጥታ «ታይዎ ወደ ሌጎስ ሄዳለች፤ ወንድሟ ዘንድ» አለችው። ቀና ብላ፣ ሳታለቅስ። ላዲፖም ኮፍያውን አውልቆ በደህና ትግባ ብሎ ሄደ። እንጨት ቀራጩ ኦጉንዴሌ ዘንድም ሄዳ ለሄደ መንታ የሚሠራውን የእንጨት ምስል አዝዛለች፤ እስኪደርስላት ድረስ ባቄላ በዘንባባ ዘይት እየሠራች ምስሉ በሚቆምበት ባዶ ቦታ ላይ ታስቀምጣለች። እሷ ግን አትቀምሰውም። እህል የሚባል አፏ ካልገባ ሰንብቷል፤ ውሃ ብቻ። አጥሚት ይዤ ስጠጋት «ልጄ ይቆያል ወይ?» ትለኛለች። ስለ አንተ ነው። ተከትሎ ይሄዳል ብላ ነው። ደብዳቤህን ሳነብላት ትንፋሽህን ለመስማት ይመስል ጆሮዋን ወረቀቱ ላይ ታስጠጋለች። አትምጣ፤ መንገዱን ትፈራዋለች። ግን አንድ ነገር ካላደረግህ እሷንም አጣታለሁ። ብቻዬን ነኝ ጋሼ። እልኸኛ ነሽ ትሉኝ የለ? አለቀብኝ።

ሌላም አለ፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። ቤት ለቤት የዞርኩት እኔ ነኝ። ከሳለው ሁሉ ጋር የተቀመጥኩ እኔ ነኝ። እኔን ራሴን እንኳ አላሞኝም። ያለችኝ ቀልድ ባይሆንስ?

ቁጥሩ ሠላሳ አንድ ነው፤ ቤተሰቦቻቸው በአፋቸው የተናገሩላቸው። የቀሩትን አንተ ደምር።

ኢዶዉ


ሌጎስ፣ ዲሴምበር 5 ቀን 1918

ኢዶዬ፣ ታናሽ እህቴ፦

ገባኝ። ከእንግዲህ ስለዚያ ምንም አትጻፊልኝ፤ መሐላሽም አልፈረሰም፣ ቃልሽም አልፈረሰም። ወለሉን አንቺ ስለለቀለቅሽው ደስ ብሎኛል። ሌላ ሰው ቢነካው ኖሮ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኝ ነበር።

በሽታውን አንቺ አላመጣሽውም። ባቡር ነው ያመጣው፤ ባቡሩን ሰው አጭቀን የላክነው እኛ ሌጎሶች ነን። ቤት ለቤት ዙሪ ብዬ የላክሁሽም እኔ ነኝ። የለም፣ የእኔም ድርሻ አለበት ካልሽ ግማሹን ስጪኝና አብረን እንሸከመው። ሙሉውን ግን ለአንቺ አልተውልሽም። ታይዎ እንዲያ ያለችሽ እየቀለደች ነው፤ እኔ አውቃታለሁ፤ የምትወደውን ሰው ካልነካካች አይሆንላትም ነበር።

የቁጥሩን ነገር ልንገርሽ። ሠላሳ አንድ ብዬ ጻፍኩና ከፊቱ «ቢያንስ» አልኩበት። ዶክተሩ አየውና «ቢያንስ ማለት ስንት ማለት ነው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። የማናውቀውን አንጽፍም ብሎ ቃሏን ሰረዛት። ከዚያ ምን እንደታየው እንጃ፣ ቀና ብሎ አየኝና፣ «የጎደለ ካለ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይናገር፤ አሁኑኑ እጨምራለሁ» አለኝ።

ቤተሰቧ እኔ ነኝ። ከፊቱ ቆሜአለሁ። አንዲት ቃል ብናገር ታይዎ ትቆጠር ነበር።

አልተናገርኩም። ልናገር ስል እማዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ኢዶዉ፣ እነዚያን እናቶች የተረዳኋቸው ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ባለማወቅ የሚደብቁ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሚያውቁትን ነው የሚይዙት። ሠላሳ አንዱ እንዳለ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዷል። ስሕተት ነው፤ የሚያርመውም ያለ አይመስለኝም። የሌሎቹም ከተሞች ቁጥር እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም፤ እኔው ደምሬው እኔው አላምነውም። በቆሎው ግን በሚመጣው ባቡር ይደርሳችኋል። ሞሪኒኬ ቤት ቀድመሽ አድርሺ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የእማዬ ነው። አጥሚቱን አሙቀሽ ያዢና፣ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ፣ ቀስ እያልሽ አንብቢላት።

እናቴ፦

ኬሂንዴ ነኝ። ታይዎ ደርሳለች።

መንገዱ ደህና ነበር፤ አልደከማትም። ክፍሌን አይታ ጠበበኝ አለች፤ የሌጎስ ውሃ ጨው ጨው ይላል፣ የሌጎስ ሴቶች ጨርቅ መንከር አያውቁም አለች። ታውቂያት የለ። እህል እቀምስ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እውነቱን ነገርኳት፤ ጠዋትም ማታም እበላለሁ፣ ጉልበቴ ተመልሷል፣ ኮቴ እንደገና ልክ ሆኖኛል። ደስ አላት። ከእኔ ዘንድ ግን ብዙ አልቆየችም፤ ገበያው ወደ ፊት ነው ብላ ተነሣች።

እማዬ፣ ልጆች ሳለን የምትነግሪንን አስታወስኩ። ማኅፀንሽ ውስጥ ሳለን፣ ኋላ ብወጣም እኔ ታላቅ ነኝና፣ «ቀድመሽ ውጪ፤ ዓለሙ የሚጥም እንደሆነ ቅመሺልኝ» ብዬ ታይዎን ላክኋት። ወጥታ ጮኸች። ድምፅዋን ሰምቼ ተከተልኳት። አሁንም እንደ ልማዷ ቀድማኝ ሄደች። እኔም ጆሮዬን ጥዬ ብዙ ቀን ጠበቅሁ። ትጠራኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽሽም፣ እንድትጠራኝ የተመኘሁበትም ቀን ነበር።

አልጠራችኝም፣ እማዬ። አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራችኝም። ስለዚህ እኔ እዚሁ ነኝ፤ እቆያለሁ። ፋሲካ ላይ በእግሬ ቆሜ ደጅሽ ላይ ታይኛለሽ።

አሁን አጥሚቱን ጠጪ። ኢዶዉ ቅሉን ይዛ ተቀምጣለች፤ ክንዷ ሳይዝል ተቀበያት።

ልጅሽ ኬሂንዴ